ጡት ማስያዣዎ ልክዎ ነው? ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ካፑና ስለ እጥበቱ

ሱቅ ገብታ «36 ስጪኝ» የምትል ሴት የልኳን ግማሽ ብቻ ነው የተናገረችው። 36 የደረቷን ዙሪያ ይገልጻል እንጂ ጡቷ ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ አይናገርም። ሻጯም ከደረደረችው አንዱን አውጥታ ትሰጣታለች። ብዙ ጊዜ መሞከሪያ ቦታ ስለሌለ፣ ልክ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ትከሻ ላይ የሚሰረጉድ መስመር፣ ከኋላ ወደ ላይ የሚሸሽ ላስቲክ፣ ማታ እስኪያወልቁት የሚያስናፍቅ ጥበት የሚመጡት ከዚህ ነው። ብዙ ሴቶች ይህን የጡት ማስያዣ ተፈጥሮ ነው ብለው ተቀብለውታል። አይደለም። ልክ የሆነ ጡት ማስያዣ ከለበሱት በኋላ መኖሩ ይረሳል። እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገው አንድ ሜትር፣ አምስት ደቂቃና ትንሽ ስሌት ነው።

ክብደቱን የሚሸከመው የትኛው ክፍል ነው?

ጡት ራሱ ጡንቻ አይደለም። ጡንቻው ያለው ከሥሩ፣ ደረት ላይ ነው። ጡቱ ስብ፣ የወተት ዕጢዎችና ቱቦዎች ሲሆን ቅርጹን የሚይዙለት ቆዳውና በውስጡ የተዘረጉ ቀጫጭን ጅማቶች ናቸው። ስለዚህ ሲራመዱ፣ ደረጃ ሲወርዱ ወይም ሲሮጡ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይንቀሳቀሳል። የጡት ማስያዣ ሥራ ይህን እንቅስቃሴ መቀነስና ክብደቱን ደረት ላይ ማሳረፍ ነው።

ክፍሎቹ አራት ናቸው። ከጡት ሥር ደረትን ዞሮ ጀርባ ላይ የሚቆለፈውን ላስቲክ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዙሪያ» እንለዋለን። ጡቱ የሚገባበት ካፕ ነው። በሁለቱ ካፖች መሀል ደረት አጥንት ላይ የምታርፍ ጠባብ ጨርቅ አለች። ከዚያ ማንገቻዎቹ ይመጣሉ። ብዙዎቻችን ጡትን ወደ ላይ የሚይዘው ማንገቻው ይመስለናል። አብዛኛውን ክብደት የሚሸከመው ግን ዙሪያው ነው፤ የማንገቻው ድርሻ ካፑ ከቦታው እንዳይንሸራተት መጠበቅ ነው። ልጅ በነጠላ ያዘለች እናትን ያስቡ፦ ወገቧ ላይ ያሰረችው ከላላ ልጁ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ጭነቱም በሙሉ ትከሻዋ ላይ ይወድቃል። ዙሪያው የሰፋ ጡት ማስያዣም እንዲሁ ነው። ጡቱ ሲወርድ ማንገቻ እናሳጥራለን፤ ማንገቻው ሲያጥር ዙሪያውን ከኋላ ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ከኋላ ሲወጣ ከፊት ይበልጥ ይወርዳል፤ ትከሻ ይቆስላል፣ አንገት ይወጠራል። በዚህ ጊዜ ሰፊ ማንገቻ ያለው መግዛት ችግሩን አይፈታውም። መጥበብ ያለበት ዙሪያው ነው።

ቁጥሩና ፊደሉ ምን ይላሉ?

ቁጥሩ የዙሪያው ነው፣ ፊደሉ የካፑ። ከቻይና የሚመጣ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ «34/75» ተብሎ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። ሁለቱ አንድ ልክ ናቸው፦ 34 በእንግሊዝና በአሜሪካ አቆጣጠር፣ 75 በሴንቲ ሜትር። 32 ከ70፣ 36 ከ80፣ 38 ከ85፣ 40 ከ90 ጋር እኩል ነው። የፈረንሳይ ምርት ከሆነ 15 ይጨመርበታል፤ ሌላው አውሮፓ 75 የሚለውን ፈረንሳይ 90 ትለዋለች። ይህን ሳያውቁ 90 የተጻፈበትን የሚተዉ ሴቶች ልካቸውን ነው የሚተዉት።

ፊደሉ የሚያሳየው ጡቱ ከደረቱ ዙሪያ ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ኤስ ኤች ካምፕ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የጡትን መጠን ከኤ እስከ ዲ በፊደል መግለጽ ከጀመረ ወዲህ አሠራሩ ተስፋፋ። በጣም የሚሳተው ነገር እዚህ ላይ ነው። «ሲ ካፕ» ብቻውን መጠን አይደለም። 32 ሲ እና 38 ሲ ፊደላቸው አንድ ነው፣ ካፓቸው ግን በጣም ይለያያል፤ ምክንያቱም ዙሪያው በሰፋ ቁጥር በተመሳሳይ ፊደል ያለው ካፕም ይሰፋል። በሌላ በኩል የ32 ዲ፣ የ34 ሲ እና የ36 ቢ ካፖች የሚይዙት መጠን እኩል ነው። ስለዚህ ካፑ ተስማምቶ ዙሪያው ብቻ ከላላብዎ አንድ ቁጥር ይውረዱና አንድ ፊደል ይውጡ። ዙሪያው ከጠበበ አንድ ቁጥር ይውጡና አንድ ፊደል ይውረዱ። ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ ፊደሉን መተው ነው ብዙ ግዢ የሚያበላሸው።

ቤት ውስጥ እንዴት ልለካ?

የልብስ ሰፊ ሜትር ያዘጋጁ። ከሌለ በማይለጠጥ ገመድ ለክቶ ገመዱን ማስመሪያ ላይ መዘርጋት ይቻላል። ስፖንጅ የሌለው ስስ ጡት ማስያዣ ለብሰው ወይም ምንም ሳይለብሱ መስታወት ፊት ይቁሙ። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ጡት ስለሚያብጥ ልኩ ይዛባል። ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት መለካት ይሻላል።

መጀመሪያ ሜትሩን ልክ ከጡት ሥር ያዙሩ። ከኋላ እንዳልወረደ ወይም እንዳልወጣ በመስታወት ይዩ። ትንፋሽ አስወጥተው፣ ቆዳን ሳያጨንቅ ጠበቅ አድርገው ያንብቡ። ቀጥሎ ጡት በጣም ጎልቶ በሚታይበት መስመር ላይ ያዙሩ፤ እዚህ ላይ ግን ሜትሩ ይንካ እንጂ አይጫን። ጡታቸው ትልቅ ለሆነ ወይም ወደ ታች ላዘነበለ ሴቶች ቁሞ መለካት ያሳንሳል። ጀርባ ከወለሉ ጋር እስኪስተካከል ጎንበስ ብለው ዳግም ይለኩና የሁለቱን አማካይ ይውሰዱ።

በአውሮፓ ደረጃ ስሌቱ ቀላል ነው። ከጡት ሥር የተገኘውን ወደሚቀርበው አምስት ብዜት ይውሰዱ፤ ከ73 እስከ 77 ያለ ሁሉ 75 ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ልክ ከሁለተኛው ይቀንሱ። ልዩነቱ ከ12 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ኤ፣ ከ14 እስከ 16 ቢ፣ ከ16 እስከ 18 ሲ፣ ከ18 እስከ 20 ዲ፣ ከ20 እስከ 22 ኢ ነው፤ እንዲህ በሁለት በሁለት ሴንቲ ሜትር ይቀጥላል። ከጡት ሥር 74፣ ከላይ 91 የሆነች ሴት ልዩነቷ 17 ስለሆነ ልኳ 75 ሲ ነው።

ይህችው ሴት በድሮው የአሜሪካ ስሌት ብትሄድ ግን ሌላ መልስ ታገኛለች። ያ አሠራር ከጡት ሥር በኢንች የተገኘው ላይ አራት ወይም አምስት ይጨምርና ውጤቱን ለሁለት የሚካፈል ቁጥር ያደርገዋል፤ የእሷ 29 ኢንች 34 ይሆናል፣ ፊደሏም ቢ ይወጣል። ምንም የማይጨምሩ የእንግሊዝ አምራቾች ደግሞ 30 ኢ ሊሏት ይችላሉ። የጃፓንና የቻይና አቆጣጠር ኤን ከ10 ሴንቲ ሜትር ስለሚጀምርና በ2.5 ስለሚጨምር ወደ 75 ዲ ይወስዳታል። ስለዚህ አንዱ ፋብሪካ ላይ ሲ ሌላው ላይ ዲ መልበስ የሰውነት ለውጥ አይደለም። በሜትር ያገኟቸውን ሁለት ቁጥሮች ስልክዎ ላይ ጽፈው ይያዙ፤ ፊደሉ ከፋብሪካ ፋብሪካ ቢለዋወጥም እነዚያ አይለወጡም። ከሌላ አገር በዘመድ በኩል ሲያስመጡም «ሲ ላኪልኝ» ከማለት ሁለቱን ልኮች በሴንቲ ሜትር መላክ ስህተትን ይቀንሳል።

ሱቁ መሞከሪያ ከሌለውስ?

ሜትሩን ይዘው ይሂዱ። ጡት ማስያዣውን ከኋላ በሰፊው መንጠቆ ቆልፈው ጠረጴዛ ላይ ወይም በሰው እጅ እስከ መጨረሻው ይሳቡት፤ ሲሳብ የሚደርስበት ሙሉ ዙሪያ (የተሳበው ርዝመት እጥፍ) ከጡት ሥር ልክዎ ጋር እኩል ወይም በጥቂት ብቻ የሚበልጥ ይሁን። ከልክዎ በእጅጉ አልፎ ከተለጠጠ ቁጥሩ ምንም ይበል ለእርስዎ ሰፊ ነው። ሳይሳብ ከደረትዎ በጣም ማነሱ አያስደንግጥዎ፣ መሆን ያለበት እንዲያ ነው። ከስስ ቲሸርት በላይ አድርጎ መቆለፍም ስለ ዙሪያው በቂ ይናገራል፤ ስለ ካፑ ግን አያስተማምንም።

ከቦንዳ ወይም ከሳልባጅ የሚገዙ ከሆነ ዋናው ምርመራ የላስቲኩ ሕይወት ነው። ይሳቡና ይልቀቁት፤ ወዲያው ካልተመለሰ ወይም ጠርዙ እንደ ማዕበል ከተጠማዘዘ አልቋል። ከጨርቁ ላይ ነጫጭ አጫጭር ክሮች ብቅ ብቅ ካሉ ደግሞ በውስጡ ያለው የመለጠጫ ክር ተበጣጥሷል ማለት ነው፤ ያ በምንም አይጠገንም። የገዙትን ሳያጥቡ አይልበሱ።

ቀለምን በተመለከተ አንድ ነገር፦ ለሐበሻ ቀሚስና ለስስ ነጭ ሸሚዝ ነጭ ጡት ማስያዣ አይሆንም፣ ጎልቶ ይታያል። ከራስዎ ቆዳ ጋር የሚቀራረብ ቡናማ ነው የሚሰወረው።

ለብሼው ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አዲስ ጡት ማስያዣ የሚቆለፈው በሰፊው ረድፍ ነው። ብዙዎች በጠባቡ ረድፍ ሲስማማቸው ይገዙና ከሁለት ወር በኋላ ላስቲኩ ሲላላ የሚያጠብቡበት ቦታ ያጣሉ። የቀሩት ረድፎች ለዚያ ቀን ነው የተሠሩት።

ከቆለፉ በኋላ ጎንበስ ይበሉና በእጅዎ ከብብት በኩል ያለውን ጡት ሰብስበው ወደ ካፑ ያስገቡ። ይህን ሳያደርጉ ልኩን መፍረድ አይቻልም፤ ጡቱ ወደ ጎን ተገፍቶ ሲቀር ካፑ ሰፊ መስሎ ይታያልና። ከዚያ ቀና ብለው በመስታወት ይመልከቱ። ዙሪያው ከፊትም ከኋላም በአንድ መስመር፣ ከወለሉ እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። ከሥሩ ሁለት ጣት ይግባ፤ ሙሉ መዳፍ ከገባ ሰፊ ነው። መሀለኛዋ ጨርቅ፣ በተለይ ሽቦ ባለው፣ ደረት አጥንት ላይ ተኝታ ትረፍ። ከደረት ተነስታ ከቆመች ካፑ ጠቧል፤ ጡቱ ቦታ ሲያጣ ነው ወደ ፊት የሚገፋት። ከካፑ በላይ ወይም በብብት በኩል ጡት ከፈሰሰና በልብስ ላይ አራት ጉብታ ከታየም ምክንያቱ ያው ነው። ካፑ ከተጨማደደ ወይም አናቱ ከከፈተ ሰፍቷል፣ ወይም ቅርጹ ለእርስዎ አይሆንም። ከላይ ሳሳ ብሎ ከታች ለሚሞላ ጡት አናቱ ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ካፕ ከሙሉ ካፕ ይሻላል።

ሽቦው ጡቱን ከሥር ከቦ ጎድን ላይ ማረፍ አለበት፤ ጡት ላይ ከወጣ ጠባብ ካፕ ነው፣ ብብት ውስጥ ከገባ ሰፊ ወይም ረጅም ነው። አሁን ሁለቱንም እጅ ወደ ላይ ያንሱ፣ ይቀመጡ፣ ወገብዎን ያዙሩ። ጡቱ ከሥር ካመለጠ ወይ ዙሪያው ሰፍቷል ወይ ካፑ ጠቧል። ሲያወልቁ የሚታይ ቀላል መስመር ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከጠፋ ችግር የለውም። ማሳከክና መቁሰል ካለ ግን ጠቧል።

ሁለቱ ጡቶች እኩል አለመሆናቸው የተለመደ ነው። ሁልጊዜ ለትልቁ ይግዙ፤ በትንሹ በኩል ማንገቻውን ጥቂት ማሳጠር ወይም ስስ ስፖንጅ ማስገባት ያስተካክለዋል።

ማለዳ መስቀል አደባባይ ለሚሮጡና ጂም ለሚሄዱ የዘወትሩ አይበቃም። የስፖርቱን ለብሰው መስታወት ፊት አሥር ጊዜ ይዝለሉ፤ ጡቱ ከሰውነት ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ አልያዘም። ጡታቸው ትልቅ ለሆነ ሁለቱን በአንድ ላይ ከሚጨፈልቀው ይልቅ ለየብቻ ካፕ ያለው ይሻላል።

ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባና ለልጃገረድ ምን ይለያል?

በእርግዝና ጡት ብቻ ሳይሆን የጎድን አጥንትም ይሰፋል፤ ከወሊድ በኋላ ይመለሳል። ስለዚህ የማጥቢያውን በስምንተኛው ወር ገደማ ሲገዙ በሰፊው መንጠቆ የሚስማማዎትን ይያዙ፣ በኋላ ያጠብቡታል። ካፑ ላይ የወተት መምጠጫ ጨርቅ የሚያስገባ ቦታ ይተዉ፤ ወተቱ ከወለዱ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በብዛት ሲመጣ ጡቱ ከጠበቁት በላይ ያብጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽቦና ጥብቅ ጠርዝ ያስወግዱ። ጡት ላይ የሚጫን ነገር ወተት እንዲቋጠር ያደርጋል፣ የተቋጠረው ደግሞ ወደ ጡት መቆጣት ሊሄድ ይችላል። ጡቱ ከቀላ፣ ከጋለና ትኩሳት ከመጣ ማጥባቱን ሳያቋርጡ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። መክፈቻው በአንድ እጅ መከፈት አለበት፤ በሌላው እጅ ሕፃኑ አለና።

ለልጃገረድ የመጀመሪያው ጡት ማስያዣ ስስ ጥጥ፣ ሽቦና ስፖንጅ የሌለው ይሁን። እናቶች ጫማና ዩኒፎርም እንደምንገዛው «ታድግበታለች» ብለን ሰፋ ያለ እንመርጣለን። ሰፊው አይይዝም፣ በልብስ ላይ ይጨማደዳል፣ ልጅቷንም በጓደኞቿ ፊት ያሳቅቃታል። ርካሽ ሆኖ ልኳ የሆነውን ገዝቶ በየስድስት ወሩ መለካት ይሻላል።

ካንሰር ያመጣል የሚባለውስ?

ጥብቅ ጡት ማስያዣ ወይም ሽቦ ካንሰር ያመጣል የሚለው ወሬ በስፋት ይዞራል። በሲያትል የሚገኘው የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ጥናት ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 74 የሆነ ከ1,500 በላይ ሴቶችን ጠይቆ ነበር። በቀን ስንት ሰዓት እንደሚለብሱ፣ ሽቦ ያለው መሆኑ፣ የካፑ መጠን፣ መልበስ የጀመሩበት ዕድሜ፤ አንዱም ከጡት ካንሰር ጋር ግንኙነት አልተገኘበትም። አለመልበስ ጡት ያወርዳል፣ ተለብሶ ካልተተኛ ይወድቃል የሚባለውም መሠረት የለውም። ጡትን የሚያወርዱት ዕድሜ፣ ተደጋጋሚ እርግዝና፣ የክብደት መጨመርና መቀነስ እንዲሁም ማጨስ ናቸው።

አሳሳቢው ሌላ ነው፦ አዲስ እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ፣ ደም ያለው ፈሳሽ፣ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ስርጉድ ስርጉድ ያለ ቆዳ። ባያምም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት አለበት። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉም ካንሰር በብዛት የሚታየው ነው።

ብርና ስልክ ጡት ማስያዣ ውስጥ መያዝስ? ከሌባ ያድናል፣ እውነት ነው። ግን ስልኩ ሙቀትና ላብ ይይዛል፣ ካፑንም ይለጥጠዋል። ብዙ እጅ የነካው ብር ደግሞ ላብ በነካ ቆዳ ላይ በቀጥታ መዋል የለበትም። የግድ ከሆነ በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልለው በጎን በኩል ያድርጉት፣ እቤት ሲገቡ ያውጡት። ቆላ ለሚኖሩ ሴቶች ከጡት ሥር ላብ ተጠራቅሞ ቆዳው መላጥና መቅላቱ የተለመደ ነው፤ ጥጥ መልበስ፣ ቦታውን ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ይረዳል። ሽታና ማሳከክ ከተጨመረ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒት ያስፈልገዋል።

እንዴት ይታጠብ?

ጡት ማስያዣን የሚገድሉት ሙቀት፣ በረኪናና መጭመቅ ናቸው። የመለጠጥ ኃይሉ ያለው በጨርቁ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ክሮች ላይ ነው፤ የፈላ ውሃ ያላላቸዋል፣ በረኪና ይበላቸዋል፣ ነጩንም ወደ ቢጫ ይለውጠዋል። ጨርቅ ማለስለሻም ክሩን ይሸፍንና ኃይሉን ይቀንሳል፣ ይተዉት።

መንጠቆውን ቆልፈው ለብ ባለ ውሃ፣ 30 ዲግሪ አካባቢ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ዱቄት ሳሙና ከሆነ መጀመሪያ በደንብ ይሟሟ፤ ያልሟሟ ቅንጣት ስፖንጅ ውስጥ ቀርቶ ቆዳ ያሳክካል። ላብ የሚይዙትን ከሥርና ከብብት በኩል ያሉትን ጠርዞች በጣት ይሹ፣ ካፑን ግን በሁለት እጅ ማሸት አያስፈልግም። አረፋ እስኪጠፋ ያለቅልቁ። ከዚያ አይጠምዝዙ፤ በፎጣ መሀል አድርገው ይጫኑት። ሲያሰጡ በማንገቻው አይስቀሉት፣ የውሃው ክብደት ይስበዋል። በመሀለኛዋ ጨርቅ በኩል ገመዱ ላይ ያጥፉት፣ ካፑን በእጅ ቅርጽ ያስይዙትና ጥላ ላይ ይድረቅ። የደጋው ፀሐይ ለአንሶላ መልካም ነው፣ ላስቲክን ግን ያደርቃል። በክረምት ስፖንጅ ቶሎ ስለማይደርቅ ሻጋታ ይሸታል፤ ነፋስ የሚያገኝ መስኮት አጠገብ ይሁን እንጂ ከሰል ወይም ምድጃ ላይ አይጠጋ።

በማሽን ከሆነ በወንፊት ከረጢት፣ በቀዝቃዛ ውሃና በዝግታ ዑደት፣ ከጂንስ ተለይቶ ይታጠብ። ውጭ አገር ማድረቂያ ማሽን የሚጠቀሙ ሴቶች ጡት ማስያዣውን ከዚያ ያውጡት። ላስቲኩን ቶሎ የሚጨርሰው የዚያ ማሽን ሙቀት ነው።

አንዱን በተከታታይ ቀን መልበስ ያሳጥረዋል፤ የተለጠጠው ክር ወደ ቦታው ለመመለስ አንድ ቀን እረፍት ይፈልጋል። ቢያንስ ሦስት ቢኖር አንዱ ይለበሳል፣ አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ ያርፋል። በቀዝቃዛ አየር ሁለት ሦስት ጊዜ ለብሶ ማጠብ ይበቃል፤ ላብ ካለበትና ከስፖርት በኋላ ግን በለበሱት ቁጥር ይታጠባል። ቁም ሳጥን ውስጥ ስፖንጅ ያለውን አንዱን ካፕ ወደ ሌላው ገልብጦ ማጠፍ ጎባጣ መስመር ያስቀራል። ተከታትለው እንደ ቆሙ ይደርደሩ።

መቼ ነው የሚያበቃው?

በጠባቡ መንጠቆ ተቆልፎም ከኋላ ወደ ላይ ከወጣ አብቅቷል። አዘውትሮ የሚለበስ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ያገለግላል። ማንገቻ ቢበጠስ ወይም ቀለበቱ ቢሰበር ልብስ ሰፊ ይጠግነዋል። ሽቦው ከወጣ መልሰው ያስገቡትና ቀዳዳውን በወፍራም ክር ደጋግመው ይስፉ ወይም ትንሽ ጨርቅ ይጣፉበት፤ ዳግም ከወጣ ሁለቱንም ሽቦዎች ያውጡና ቤት ውስጥ ይልበሱት። አንዱን ብቻ ማውጣት ጡት ማስያዣውን ያዘነብለዋል። የተሰበረ ሽቦ ያለበትን ግን አይልበሱ፣ ጫፉ ቆዳ ይወጋል። የሚጥሉትን ከመጣልዎ በፊት መንጠቆውን፣ ቀለበቶቹንና ማስተካከያውን ቆርጠው ያስቀምጡ። የሚቀጥለው ሲበላሽ ሰፊው የሚፈልገው እነሱን ነው።